የአማቴ መኪና ዝም አለች

ጥር 9
ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ። በአማቴ፣ በባለቤቴ አባት መኪና። ዓይናቸውን ታክመው እስኪድኑ እኛ ጋ ትቆያለች። በደህና ከያዝኳት ጭራሽ ሊተዉልን አስበዋል። ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፦ «ንዳት፣ ግን ምንም እንዳትነካካ።»
ባለቤቴ የአውቶቡስ ግፊያ ሰልችቷታል። ከወዲሁ የወንበር ልብስ እያማረጠች ነው።

ጥር 12
የኋላው መስኮት በገዛ ፈቃዱ ወረደ። አልወጣም አለ። በሩ ይቆለፋል፣ ይከፈታል፣ ይቆለፋል… ምን ነክቷት ነው? ጎረቤት ቆሞ ሳቀ።

ጥር 13
መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ኤሌክትሮኒክሱ ግራ ተጋብቷል አለ። ባትሪው ተፈትቶ ትንሽ ከቆየ ሁሉንም ረስቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ ቀለበትህን አውልቅ። «ጥቁሩን ፍታ፣ የመቀነስ ምልክት ያለበትን። ቀዩ ጋ እንዳትደርስ።» መፍቻው ሁለቱን ባንዴ ከነካ ብልጭታው ቅንድቤን እንደሚወስደው ጨመረና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።
ባትሪ መፍታት መነካካት ነው? …ነው።

ጥር 14
ፈታሁት። ጫፉ ተመልሶ ባትሪውን እንዳይነካ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ባለቤቴ በመስኮት ሆና ቅንድቤ አለ ወይ ትለኛለች። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና አጥብቄ አሰርኩት።
መስኮቱ ታዘዘ። በሩም። ጮቤ ረገጥኩ።
ከዚያ ሬዲዮውን ከፈትኩ። «ኮድ አስገባ» ይላል። የምን ኮድ? ለካ ባትሪው ከተፈታ ሬዲዮው የሌባ መከላከያ ቁጥሩን ይጠይቃል። የአማቴ ሬዲዮ እኮ ነው… ዜናው ጆሮ ካላደነቆረ መሪ የማይጨብጡ ሰው! የልደት ዓመታቸውን ሞከርኩ። ጭራሽ ተቆለፈ።
ለባለቤቴ ነገርኳት። የወንበር ልብሱን ፎቶ ከስልኳ አጠፋች።

ጥር 16
ከሆስፒታል አወጣናቸው። አንድ ዓይናቸው ታሽጓል፣ ሌላው ድሮም ብዙ አያይም። ከጎኔ ተቀመጡና ዜናውን ክፈተው አሉኝ። እዚህ ሠፈር ሬዲዮ አይስብም አልኩ።
መኪናዋ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ከኋላ ባለቤታቸው፣ እማማ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እዚህ መኪና ውስጥ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ሬዲዮው መች ያሰማል? ስለ ሳሎኑ ቀለም ጀመሩ። ከዚያ ስለሚያፈሰው ጣሪያ። ከዚያ ስለ አማቴ እህት… እህታቸው ላይ ብዙ ቆዩ።
አማቴ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ይሄ ሠፈር መቼ ነው የሚያልቀው?»

ጥር 23
ዓይናቸው ተፈታ። ያለ መነጽር የመንገድ ሰሌዳ ያነባሉ። መኪናዋን ልንመልስ ሄድን። አማቴ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ሬዲዮውን ነው። ከእንግዲህ ምን ብዬ ልዋሽ? ባትሪውን እንደፈታሁ ተናዘዝኩ። ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ፣ ግን ዘገየች።
አልተቆጡም። ኮዱን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከየት ያውቁታል፤ መኪናዋን ሲገዟትም ሬዲዮው እየጮኸ ነበር። እማማ እስከዚያ ከፊት ወንበር ገብተው ተደላድለዋል። አማቴ እሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ቁልፉን ዘረጉልኝ።
«በቃ፣ ውሰዷት።»
ባለቤቴ ቀድማኝ እጇን ሰደደች። እማማ የወንበሩን ቀበቶ ስበው አሰሩ።
«መኪናዋ የትም አትሄድም። ገና አልጨረስኩም።»
በአውቶቡስ ተመለስን። ቆመን።