ትርፍ የማይጨመርበት ልክ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? በጣም እንዴት ነህ? ብርድ ሲነካው የሚነሳብህ ወገብህ ዘንድሮ ተወህ ወይስ እንደ ልማዱ እያንገላታህ ነው? እትዬስ ደኅና ናት? ወሬኛዋ ልጅህ ትምህርት ቤት ገብታ መምህሯን አላደነቆረቻትም? ዝምተኛውስ አንድ ሁለት ቃል መናገር ጀመረ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ እማማም ደኅና ናት፤ አባባም ደኅና ናቸው። ባለፉት ደብዳቤዎቼ «አባባ ደኅና ናቸው» ብዬ ስጽፍልህ እየዋሸሁህ ነበር። ዛሬ ግን አፌን ሞልቼ ነው የምነግርህ።

ወሬዬን ከመዘርገፌ በፊት አንድ ነገር በናትህ ልለምንህ። አባባ የላኩልህን የስፌት ቤቱን የሽያጭ ውል እንዳትፈርም። ፈርመህም ከሆነ ቀዳደህ ጣለው። ቤቱ በአባባና በአንተ ስም ስለሆነ ያንተ ፊርማ ከሌለበት ውሉ ዋጋ የለውም። ጎረቤታችን መጋረጃ ሻጩ ሱቁን ከእኛ ጋር ሊቀላቅል ግድግዳውን ሲለካ ከርሟል። ይለካ፤ መለካት አይከለከልም።

አባባ «ዐይኔ ስለደከመ ሥራ ይብቃኝ» ብለው እንደጻፉልህ አውቃለሁ። ዐይናቸውማ ዛሬም ከእኔ ቀድሞ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። የደበቁህ ሌላ ነው፤ እኔና እማማም አብረናቸው ደብቀንሃል። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናቸው ደኅና እንዳለፈ የነገርኩህ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሽንታቸውን መያዝ አቃታቸው። ሲያስሉ፣ ከወንበር ሲነሱ፣ ጣቃ ጨርቅ ሲያነሱ ያመልጣቸዋል። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይሻላል ቢላቸውም መቼ እንደሆነ አልነገራቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት ደንበኛችን የሂሳብ መምህሩ ኮቱን ሊለካ መጥቶ አባባ ሊያለብሱት ብድግ ሲሉ የወንበራቸው መቀመጫ ርሶ ታየ፤ ግራጫ ሱሪያቸውም እንደዚያው። ጨዋ ሰው ነውና መምህሩ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ቁልፎቹን መቁጠር ጀመረ። እኔም ካውያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። አባባ ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አራት ወር ሙሉ ወደ ስፌት ቤቱ ዝር አላሉም።

ቤት ውስጥ የነበረውን ብነግርህ ታለቅሳለህ። ሽንቴ ይቀንሳል ብለው ውኃ መጠጣት ተዉ፤ ከንፈራቸው እስኪሰነጠቅ ድረስ በቀን አንድ ስኒ ሻይ ብቻ። እማማ አሮጌ አንሶላ አጥፋ ታነጥፍላቸዋለች፣ ታጥባለች፣ ሰው እንዳያየው ጓሮ ታሰጣለች። ዘመድ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ተኝተዋል እንላለን። ለቅሶ ቀሩ፣ ሠርግ ቀሩ። የክፍለ ከተማውን ሰው ሁሉ ያለበሱ ሰው መኝታ ቤታቸው ውስጥ ላስቲክ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ነገሩ በቤታችን ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ያ ነገር» ነበር የምንለው። ውሉን የጻፉልህ በዚያ ሰሞን ነው።

እኔ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለአባቴ ነው፣ ሽንት የሚይዝ ነገር አላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ሻጯ ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞራ የአዋቂ ዳይፐር አምጡ ብላ ጮኸችልኝ። ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግነቱ ስለ ልክ ስትጠይቀኝ ኮራ ብዬ መለስኩላት። የአባባን የሱሪ ወገብ ለክቼ፣ እሳቸው ገና በልጅነቴ እንዳስተማሩኝ ሁለት ጣት ትርፍ ጨምሬ ነበር የሄድኩት። ትርፍ ያልያዘ ልክ ልክ አይደለም እያሉ አይደል ያሳደጉን?

አባባ በስንት ልመና ለበሱት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሽንቱ በእግራቸው ወረደ። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ፈሰሰ ማለት ጠበበ ማለት መስሎኝ፣ ተመልሼ ሄጄ ከዚያ የሚሰፋውን ገዛሁ። እሱማ ባሰ። አባባ ጠቅልለው ወረወሩትና ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጉድ ቤቴ እንዳይገባ፣ እኔን ሕፃን ልታደርጊኝ ነው ወይ ብለው በሩን ዘጉብኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። እኔም ተናድጄ ዕቃው ራሱ የማይረባ ነው ብዬ አማሁት።

ከቀዶ ሕክምናው ጊዜ ጀምሮ አባባን የምታውቃቸው የክሊኒክ ነርስ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እንዴት እንደለካሁ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይሄ ኮት አይደለም አለችኝ፤ ሽንቱ የሚወርደው በጭኑ ዙሪያ ባለው ክፍተት ነው፤ ሳይጠብ ገላ ላይ ልጥፍ ማለት አለበት፤ ወገቡንና ዳሌውን ለኪ፣ ከሁለቱ ትልቁን ያዢ፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቢ፣ ከዚያ አንዲት ጣት እንዳትጨምሪ። ስለ ውኃው ስነግራት ደግሞ ሳቋን ትታ ገሠጸችኝ። ውኃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፣ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም፤ እንደ ድሮው ይጠጡ አለች። የሚያቃጥላቸው ወይም ቆዳቸው የሚቀላ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትዪ አምጫቸው አለችኝ። ሽንት እንደመያዝ አድርጎ ጡንቻን ጨምቆ የመልቀቅ ልምምድም አሳየችኝ። ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ወስደሽ አወዳድሪ፤ ደረቁን መዝኚ፣ እርጥቡን መዝኚ፣ ልዩነቱ ስንት እንደሚያመልጣቸው ይነግርሻል ብላ ሸኘችኝ።

አራት ዓይነት ይዤ ገባሁ። አባባ በራቸውን ዘግተዋል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ውስጡ ምን እንዳለው ለማየት ትልቁን መቀስ አንስቼ መቅደድ ጀመርኩ። የመቀሱን ድምፅ ሲሰሙ በሩ ተከፈተ። መቀስ እንዲህ አይያዝም ብለው ነጠቁኝ። ወንድም ጋሼ፣ ለአራት ወር ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው የስፌት ቤት ቃል ይሄ ነበር። እማማ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችና ተመለሰች።

የሌላ ልብስ ሰፊ ሥራ እንደሚፈትሹት አድርገው ፈተሹት። ገበሩን ገለጡ፤ ከሥሩ ያለውን ጥጥ መሳይ ነገር በጣታቸው ፈተጉ፤ እዚያ ውስጥ እንደ ስኳር የደቀቀ ነገር አገኙ። ውኃ በማንኪያ ቢያንጠባጥቡበት ደቃቁ ነገር አብጦ እንደ ረጋ ወተት ሆነ፤ ቢጫኑት አንዲት ጠብታ አልወጣም። አባባ ቁጭ ብለው ሳቁ። ይሄን ያሰበው ሰው ልብስ ሰፊ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ከዚያ ደግሞ አንዱን አንስተው የጭኑ ላስቲክ እዚህ ጋ ተሸብሽቧል፣ ይሄን የሰፋው ሰው ተቸኩሏል ብለው ተቆጡ። ኀፍረታቸው የት እንደገባ እንጃ፤ ሙያ ሲነሳ እሳቸው ሌላ ሰው ናቸው።

በማግሥቱ የመለካቱ ነገር መጣ። በገዛ እጃቸው ወገባቸውንና ዳሌያቸውን ለኩ፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ቁጥሩን ጻፍኩ። መካከለኛ ነበሩ! እኔ የገዛሁላቸው ሁለት ሰው የሚያለብስ ነበር። ትርፉን የጨመርኩት እኔ ነኝ ብዬ ተናዘዝኩ፤ እኔም ብሆን እጨምር ነበር፣ አምሳ ዓመት የለመደ እጅ ምን ይደረጋል አሉኝ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ሙከራ ገባን። ትልቁ ጠብ የተነሳው በእማማ የኩሽና ሚዛን ነው። ሚዛኔ ላይ ሽንት አይወጣም ብላ ሦስት ቀን ደብቃብን ነበር፤ በኋላ በላስቲክ ሸፍና ራሷ መዛኝ ሆነች፣ እኛን እንዳትነኩ ብላ ከለከለች። አባባ የደንበኞችን ልክ በሚጽፉበት ደብተር ለራሳቸው አንድ ገጽ ከፍተው ውጤቱን ሁሉ ጻፉ።

እነሆ ፍርዱ። ልባቸው ወዲያው የሄደው ታጥቦ ወደሚለበሰው የጨርቅ ሙታንታ ነበር፤ ስፌቱ ንጹሕ፣ ለገላ የሚለሰልስ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ሲያስሉ ይሞላል፣ ለመድረቅም ቀኑን ሙሉ ገመድ ላይ ይውላል። ሚዛኑ አልፈረደለትም ብለው አዘኑለት። ለወንድ ተብሎ ከፊቱ ሰፋ ተደርጎ የተሠራው፣ ሙታንታ ላይ የሚለጠፈው ቀጭን ፓድ ሱቅ ደርሶ ለመመለስ ወደር የለውም፤ መኖሩም አይታወቅም፤ ረጅም ሰዓት ከተቀመጡበት ግን አይችልም። በጎንና ጎን የሚጣበቀው ከሁሉም የበለጠ ይይዛል፤ ሲራመዱ ግን ኮሽ ኮሽ ይላል፣ ቆመው ብቻቸውን ሊያጣብቁትም አልቻሉም፤ እሱ ለመኝታ ሆነ፤ እማማም አንሶላ ከማጠብ ተገላገለች። ያሸነፈው እንደ ሙታንታ ወደ ላይ የሚሳበው ነው። ራሳቸው ያወጡታል፣ ራሳቸው ይለብሱታል፣ ድምፅ የለውም፣ ግማሽ የሥራ ቀን ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

አንድ እንከን ብቻ ቀረ፤ ከግራጫው ሱሪ በላይ ያስታውቅ ነበር። አባባ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብለው አዩና፣ እኛ ትርፉን ያለቦታው ነው የጨመርነው፣ ትርፉ የሚያስፈልገው ለሱሪው ነው አሉ። የኋላውን ስፌት ተርትረው ሁለት ጣት ለቀቁት። አሁን አንተ ብታያቸው፣ እንኳን ሌላ ሰው፣ ምንም አታውቅባቸውም።

ሰኞ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው ቀድመውኝ በር ላይ ቆመው ነበር። ቅያሪያቸውን በአሮጌው የቆዳ ቦርሳ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ዳኛ ይመስሉ ነበር። መጋረጃ ሻጩ ሲያያቸው ሜትሩን ከኋላው ደበቀ። አባባ ሰላምታ ሰጥተውት ገቡና ከምስማሩ ላይ የራሳቸውን አውርደው አንገታቸው ላይ አደረጉ። ጠዋት ሁለት ኮት ቆረጡ። ምሳ ላይ ከጓሮው ክፍል ገብተው ቀየሩ፤ እኔ መክደኛ ያለው ቅርጫት አስቀምጬላቸው ነበር። ውኃቸውን ሳይሳሱ ጠጡ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደንበኛ ገብቶ ብድግ ሲሉ እኔ ወንበሩን ለማየት ፈርቼ ክር ፍለጋ አጎነበስኩ። እሳቸው ግን እኔም፣ ደንበኛውም እያየን መዳፋቸውን መቀመጫው ላይ አሳረፉ። ደረቅ! እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ አባባም መርፌ ወጋት ብለው ለደንበኛው ዋሹልኝ።

ሐሙስ የሆነውን ሰምተህ ደግሞ ፍረድ። ያን የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ታስታውሰዋለህ፣ ሲስቅ መስኮታችን የሚንቀጠቀጠውን። ጉልበቴን አሞኛል ብሎ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። መጣና ጥቁር ወፍራም ሱሪ፣ ሰፋ ያለ፣ አዘዘ። ከዚያ ወደ አባባ ጠጋ ብሎ በመቀመጫው በኩል ከጨርቁ ሥር ላስቲክ ሊሰፉልኝ ይችላሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዐይኑ መሬት መሬት ያያል። እኔ የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ።

አባባ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም። ላስቲክ ገላህን ያቆስልሃል፣ ለዚህ የተሠራ ነገር አለ፣ እኔም ለብሼዋለሁ አሉት። ሰውየው አላመናቸውም። አባባ ከወንበሩ ተነስተው ቆሙለት፤ አንዴ ዞሩለት፤ ታያለህ አሉት። ከዚያ መጋረጃውን ስበው ወገቡንና ዳሌውን ለኩት፤ ደብተሩ ላይ ሲጽፉ ሰማኋቸው፣ ምንም አንጨምርም እያሉ። ሾፌሩ ተቀምጦ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋና ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁ። ሲረጋጋ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሪ ይዤ ስንት ሰዓት እቀመጣለሁ አለ። አባባም እስክትደክም ድረስ፣ ቅያሪህን ከመቀመጫህ ሥር አድርግ አሉት። ጥቁሩ ሱሪ ቀረና በፊት የሚወደውን ነጣ ያለውን አዘዘ። ነርሷ ዘንድም ልኬዋለሁ፤ ሐኪምም ሊያየው ይገባል።

ይኸው ነው ወሬዬ። አሁን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእትዬ፣ የላከችልን ሻርፕ የእማማ አንገት ላይ ተሰፍቷል በላት፤ አታወልቀውም። ወሬኛዋን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ይሄን ግን አታንብብላት፣ ሠፈሩን ታዳርሰዋለች። ዝምተኛውን አክስትህ ትወድሃለች በለው። ፎቅ ላይ ላሉት ባልና ሚስት፣ የታመምክ ጊዜ ሾርባ ላመጡልህ፣ እማማ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች። አንተን ደግሞ ሁላችንም በናፍቆት እንስምሃለን።

እኅትህ፣ ባለካውያዋ

አባባ ደብዳቤውን አምጪ ብለው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። የሚያስቀይማቸው መስሎኝ ነበር፤ እስክሪብቶውን ወሰዱብኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው እጅ ነው።

ልጄ ሆይ፣ እኅትህ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። ሽንቴ አሁንም ያመልጠኛል። ሥራ ላይ ነኝ። አባትህ።

ከስፌት ቤታችን፣ ግንቦት ፲፪ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ