መመሪያው ያልነገረኝ

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን
ሰባ ስምንት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ጠዋት ፉል በላሁ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፈትሁ። ባለቤቴ ፀደይ ያወራችልኝ፣ እኔ የተየብሁት የመተማ ተረት ሁሉ በአሮጌ የኮምፒዩተር ፊደል ተቀምጦ፣ አሁን ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ነው። የወረቀቱ ቅጂ ጦርነቱ ሲደርስ ከነቤቱ መደኒ ከተማ ቀረ። እሷም እዚያው...
ሰሊጥ ለማጨድ የመጣው ባንታምላክ ሥራው ሲያልቅ ወደ ጎንደር ይገባል። ጽሑፉ በእሱ እጅ ካልደረሰው እዚያ ያለው ማተሚያ ቤት መጽሐፉን ሊተወው ነው።

ኅዳር 4
ፊደሉን የሚመልስ ፕሮግራም አለ አሉ። የሚጫነው በኮምፒዩተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ በመጻፍ ነው። መመሪያውን በስልኬ አነበብሁ። «አስፈላጊዎቹን አስቀድመው ይጫኑ» ይላል። የትኞቹን? ከየት? ዝም። ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ ቢገጥመኝ ምን አደርገው ነበር? እንጃ... ደክሞኛል።

ኅዳር 6
አልተጫነም።

ኅዳር 7
በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ኮምፒዩተር የምታስተምረው ራሕዋ መጣች። መመሪያውን አይታ ሳቀች፤ ሰውዬው ለራሱ ማስታወሻ ጽፎ ነው ሰው ፊት ያወጣው አለች። የጎደሉትን ከየቦታው ለቃቅማ አገኘች። ስታወርዳቸው ግን አንዱም እሺ አላለም፤ የድረ ገጹ የደኅንነት ማረጋገጫ «ጊዜው ገና አልደረሰም» ይላል። ገና? ቆይታ ቀኑ ያለበትን የስክሪኑን ጥግ አየች።
«አቦይ፣ ይህን ቀን ማን ሞላው?»
«እኔ። የአገሬን ነው የሞላሁት።»
«ኮምፒዩተሩ የፈረንጅ መስሎታል። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል እኮ።»
ላስተካክለው አለች። ተይው አልኋት። የሚጻፈውን ትእዛዝ በወረቀት አስፍራልኝ ሄደች።

ኅዳር 8
ኮምፒዩተሩ ባለበት ዓመት፣ በእኛ 2011 መሆኑ ነው፣ ፀደይ በሕይወት አለች። የመደኒው ቤት በሩ ክፍት ነው። ራሕዋ እስክትናገር ድረስ አስቤው አላውቅም። ቁጥር ነው... ቁጥር ብቻ። ምንም አልተሰማኝም። እጄ ግን አልነካውም አለ።

ኅዳር 11
ባንታምላክ ብቅ አለ። ሰሊጡ ተራግፎ አልቋል፤ ነገ ይነሣል።
«መምህር፣ ለጥጥ ለቀማ መደኒ በወረድን ጊዜ እትዬ ፀደይ የጅቡን ስታወራ እንቅልፍ ጣለኝ። መጨረሻውን አልሰማሁም። እሱን ይዘውታል አይደል?»
ይዣለሁ አልሁት። አልያዝሁም፤ ፊደሉ ካልተመለሰ በእጄ የለም።
እንደ ሄደ የኮምፒዩተሩን ዓመት ቀየርሁ፤ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት። ራሕዋ የጻፈችልኝን ትእዛዝ ደገምሁ። ተጫነ። አንዲት ቃል ሳይናገር ተጫነ።

ኅዳር 12
ፊደሉ ተመልሷል፤ የጅቡም አለ። ሁሉንም አላነበብሁም፤ አልቻልሁም። በመግቢያው ከስሟ አጠገብ የተወለደችበት ዓመት ብቻ ነበር። ሰረዝ አድርጌ ያረፈችበትን ጨመርሁ፤ 2016 ዓ.ም.። አላለቀስሁም።
መጽሐፉን የገለበጥሁበትን ፍላሽ በፖስታ አሽጌ በባንታምላክ እጅ ላክሁት።