በቀዝቃዛ ውሃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12
ዛሬ ያጠብኩት የሆቴሉ አንሶላ መቶ አርባ ደረሰ። እጄ ተላጠ። ከሰዓት ክሊኒክ ሄድኩ። የማስወረጃውን የመጀመሪያ ኪኒን እዚያው ዋጥኩ፤ የቀሩትን ከነገ ወዲያ ቤት። ነርሷ ወረቀት ሰጠችኝ። "ደሙ ለሁለት ሰዓት በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ ካራሰ፣ ትኩሳት ካልለቀቀሽ፣ መጥፎ ሽታ ካለው፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ነይ። ማን አለሽ?"
እህት አለችኝ አልኩ። አልዋሸሁም። ግን እትዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ስትለምን የኖረች ናት። በምን አፌ ልንገራት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14
ወረደ። ትራስ ነክሼ ቻልኩት። እትዬ ሥራ ላይ ነበረች። ሞዴስ አልገዛሁም፤ ባለሱቁ ምስጢር አይቋጥርም። የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ተጠቀምኩ። ደም ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ከታጠበ ምልክት አይተውም፤ ሙቅ ከነካው ግን አይለቅም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። እያንዳንዷን ወዲያው አጠብኩ።
አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም... አውቃለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18
አልቆመም። ሽታም አለው... በረኪናው ይሆናል፣ እጄ ላይ የቀረ። እትዬ "ምነው ገረጣሽ?" አለች። የሥራ ብዛት ነው አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21
ሆስፒታል ነኝ። ደብተሩ ከሥራ ቦርሳዬ ጋር አብሮኝ መጣ።
ትናንት ጠዋት የመጨረሻዎቹን ጨርቆች ለማጠብ አቅም አጣሁ። አልጋ ሥር ከትቻቸው ሥራ ሄድኩ። የጋለ ካውያ ይዤ በረደኝ። አለቃችን፣ ሻምበል የምንላት፣ ግንባሬን ነካች። "አንቺ ልጅ፣ ከካውያው ብሰሽ ተገኘሽ" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሽታው ደርሷት ነበር መሰለኝ። ታክሲ ጠራች።
ሐኪሙ "በቀን ስንት ሞዴስ ቀየርሽ?" አለኝ። እንጃ። "በግምትስ?" አጥቤ አጥቤ፣ የምቆጥረው አላስቀረሁም። ማህፀን ውስጥ የቀረ ነገር አለ፣ ኢንፌክሽን ሆኗል አለ። መጥጠው አወጡት። መድኃኒቱ በክንዴ እየገባ ነው። "ሁለት ቀን ብትቆዪ ኖሮ..." ብሎ ተወው።
የሚወስድሽ ሰው ሲሉኝ የእትዬን ስልክ ሰጠሁ። ሌላ ማን አለኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22
ትኩሳቱ ወርዷል። እትዬ መጣች። ሁሉን ሰምታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። "ወልደሽ ለእኔ ብትሰጪኝስ ኖሮ?" አለች። ቀና ብላ "ብትሞቺብኝስ?" አለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24
ቤት ነኝ። ኪኒኑን በሰዓቱ የምታስውጠኝ እትዬ ናት።
ከሰዓት ጓሮ ወጣሁ። አልጋ ሥር የከተትኳቸውን ጨርቆች አግኝታ ገመድ ላይ አስጥታቸዋለች። ውሃ አፍልታ ነው ያጠበችው፤ እጇ ቀልቷል። እድፉ ሁሉም ላይ አለ። እንግዲህ አይለቅም።
"ጸዳልሽ?" አለችኝ ከኋላዬ።
"ጸድቷል፣ እትዬ" አልኳት።