ትርንጎ ሕግ የት እንደምትማር ልንገርህ

ደምስዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን በሚያዝያ አወጣን፤ እድርተኛው አልቀረም፣ የፍርድ ቤቱ ሰዎችም መጥተው ነበር። ላንተ ለመጻፍ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። አንተ ስትጽፍ ከጎንህ ተቀምጬ ማየት እወድ ነበር እንጂ ራሴ መጻፍ ገና አይቀናኝም፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል አንዳንዱ ዛሬም ይጠፋብኛል። ጠዋት ግን ትርንጎን አውቶቡስ አሳፍሬ ስመለስ ቤቱ ጭር አለብኝና፣ ይህን ወሬ ከኔ በፊት ማንም አይነግረውም ብዬ ተቀመጥኩ።

እናትህ ደህና ናቸው። ዓይናቸው ግን አሁን ጭራሽ አያይም። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ አስመታቸዋለሁ፤ የሚያልፈውን ሰው በኮቴው እየለዩ በስሙ ይጠሩታል። በክረምቱ የጓሮው ግድግዳ ተደርምሶ ጎረቤት ተሰብስቦ መረገልን። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠሁም። ስጡ የሚሉኝ አሉ፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጠና እኔው እደርበዋለሁ።

ትርንጎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አለፈች። ሕግ ነው የምማረው አለች። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም፤ ግን ደስታው ሳምንት ሳይቆይ ጭንቅ አመጣብን። ሁለት በር ነው የተከፈተላት። አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳ፣ ውጤቷ ከበቃ፣ ወደ ሕጉ ትገባለች። ሌላው ሶቭየት ኅብረት ነው፤ ለውጭ ትምህርት ተወዳድራ ስሟ ወጥቶላታል፣ ፎርሙን ሞልቶ መመለስ ብቻ ነበር የቀረው። እኔ ያለ ምንም ማመንታት ውጭውን መረጥኩላት። እሷ አዲስ አበባ አለች።

ለምን እንደተቆጣሁ አንተ ታውቃለህ። አንተና ጥላሁን በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ጸሐፊዎች ነበራችሁ። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ዳኛ ሲጠፋ ሁለታችሁም ተፈትናችሁ አለፋችሁ፣ ለሁለታችሁም የውጭው ዕድል መጣ። ጥላሁን ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ ሄደ። አንተ ግን እናትህ ማየት እየተሳናቸው ነበር፣ ትርንጎም ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ስድስት ዓመት ትቻችሁ አልሄድም ብለህ ሁለት ዓመት እንኳ የማይሞላውን አጭሩን ኮርስ መረጥክ። ሂድ ብዬህ አላውቅም። ቅር ብዬም አልለመንኩህም። ዝም ነው ያልኩት፤ ዝምታዬ ግን ቅር እንደሚል አንተ ገብቶህ ነበር።

የአውራጃው ዳኛ ሆነህ ስትመለስ ደብረ ታቦር ኮራችብህ። ፍርድ ጽፈህ ስትጨርስ ሁሌ እኔን ታስነብበኝ ነበር፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተንተባተብኩ አነብልሃለሁ። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ ሰርዘህ ትጽፈዋለህ። ላንቺ ከገባሽ ለተከራካሪዎቹም ይገባቸዋል ትለኝ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ ማንበብን በደንብ የተማርኩት በሰው ክርክር ነው።

ከዚያ ጥላሁን ዲግሪውን ይዞ መጣ፤ ወዲያው ጎንደር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመደበ። አንተም ለዚያው ቦታ ጠይቀህ እንደነበር ያወቅኩት ኮትህን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ነው። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበር፤ የትምህርት ደረጃህ አያበቃህም ይላል። አጥፌ እንደነበረ መልሼ አስቀመጥኩት። አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አላነሳሁብህ።

በዓመቱ የሐሙሲት ከተማዋ ሴት ነገር መጣ። መንገድ ዳር ጠላ የምትሸጠው፣ ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም ከቤቷ ያስወጣት። ፍርዷን እኔም አንብቤው ነበር፤ እንደዚያ የጠራ ነገር ጽፈህ አታውቅም ነበር። ቤቷ ገባች። ወንድምየው ይግባኝ አለ፣ ጎንደር ፍርዱን ሻረው። የከተማ ቤት ክርክር የሚያየው የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ነው፣ የአውራጃው ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ተባለ። ሴትዮዋ ዕቃዋን ተሸክማ እንደገና ወጣች። ከውሳኔው ግርጌ ከፈረሙት አንዱ ጥላሁን ነበር። አብሮህ እንጀራ የበላ ሰው፣ ዲግሪ አለኝ ብሎ ወንድሙን አዋረደ አልኩ። አንተ ወረቀቱን ተቀብለኸኝ እንደገና አነበብክና፣ «ውቤ፣ ልክ ናቸው። ይህን ሳልማር ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት» አልከኝ። እኔ ግን ቂሜን አልተውኩም። ሴትዮዋ በቀበሌው እንደ አዲስ ተከራክራ ቤቷን በዓመቷ ስታገኝ እንኳ አልተውኩም። በቀብርህ ቀን ጥላሁን ሊያጽናናኝ ሲቀርብ ፊቴን አዙሬበታለሁ።

እንግዲህ ትርንጎ አዲስ አበባ ስትል በኔ ጆሮ የተሰማኝ ያንተ ድምፅ ነው። እንደ አባቷ በቤት ምክንያት ልትቀር ነው፣ ለአያቷ ለእማማ ብላ ነው፣ ነገ እሷንም በሁለት መስመር ይመልሷታል አልኩ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። ፎርሙ የሚመለስበት ቀን ሲቃረብ ሌላ መላ አጣሁና ያላሰብኩትን አደረግኩ፤ ጎንደር ለጥላሁን አስደወልኩ። ውጭ የተማረ እሱ ስለሆነ መጥቶ ያሳምናት ብዬ ነው። ቃሌን እንኳ ሳያስጨርሰኝ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ።

ቅዳሜ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ምሳ አቀረብኩለት፤ በልቶ እጁን ታጠበና ትርንጎን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። እኔ ውጭ አገር ሂጂ ይላታል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ስለራሱ ማውራት ጀመረ። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ ሲመለስ የሌላ አገር ሕግ በሌላ አገር ቋንቋ ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር፣ የኛን መዝገብ ግን ገልጦ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባው እንደነበር ነገራት። በአማርኛ ጭብጥ መያዝ፣ የክርክሩን ፍሬ ነገር ለይቶ ማውጣት፣ አቅቶት ላብ ያጠምቀው ነበር አለ። «ሹመቱ ቶሎ መጣልኝ፤ ሥራው ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ» አላት።

ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። የሐሙሲቷን ሴት መዝገብ ስህተት ያገኘው እሱ እንዳልሆነ ተናገረ። አብረውት ለችሎት ከተሰየሙት አንዱ፣ አዲስ አበባ ሕግ የተማረ ዳኛ፣ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሲገልጥ ነው ያየው። ጥላሁን ራሱ ያ ዳኛ እስኪያስረዳው ድረስ አልታየውም። ያንን ውሳኔ የፈረመ ዕለት ላንተ ደብዳቤ ጻፈልህ፦ አንተ የሳትከውን እኔም አላየሁትም፣ እንገናኝ ብሎ።

ደምስዬ፣ ወገቤን አመመኝ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልነከር እያልክ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወጣው ለካ ለዚህ ኖሯል። እሱ ከጎንደር፣ አንተ ከደብረ ታቦር እየመጣችሁ እዚያ ትገናኙ ነበር። ጠዋት ትታጠባላችሁ፣ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ደብተር ትገልጣላችሁ። እሱ አዲስ አበባ ከተማረው ባልደረባው የትምህርቱን ጽሑፍ እየተዋሰ ያመጣል፤ አንተ ያለቁ መዝገቦችን ግልባጭ ታመጣለህ። የዳኝነት ሥልጣኑን፣ የማስረጃውን፣ የይግባኙን አንድ በአንድ አጠናችሁት። አንተ ደግሞ ጭብጥ እንዴት እንደሚያዝ፣ ፍርድ ሰው በሚገባው አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ አስተማርከው። «ሁለታችንም ተማሪ፣ ሁለታችንም አስተማሪ ነበርን» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ደምሴ ለምን ለኔ አልነገረኝም ብዬ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነኝ፣ ከአውራጃ ዳኛ እየተማርኩ ነው መባሉን ፈርቼ ለማንም እንዳትናገር አስምዬው ነበር አለኝ። አንተም መሐላህን ይዘህ ሄድክ። እኔ እሱን ስሰድበው አጠገቤ ተቀምጠህ ስትሰማ፣ አንድ ቀን እንኳ ተይው ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣህም። ስምህን ለጎንደሩ ቦታ ሁለት ጊዜ አቅርቦ እንደነበርም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰለት ያችው ኪስህ ውስጥ ያየኋት መልስ ናት።

ትርንጎ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ የት ልማር ይላሉ?» አለችው። የፈለግኩትን አልነገራትም፣ እሷ የፈለገችውንም አልነገራትም። ውጭ ብትማሪ ወንበሩ ይቀርብሻል፣ ሕጉን ግን ከተመለስሽ በኋላ እንደ አዲስ ትማሪዋለሽ አላት። አጭሩን ብትማሪ ቶሎ ትፈርጃለሽ፣ ያልተማርሽው ነገር ግን ሰው ላይ ሲደርስ ነው የምታይው አላት። አዲስ አበባ ደግሞ ሕጉ እንዲደርስሽ በመጀመሪያው ዓመት መትጋት አለብሽ፣ ሳይደርስሽ ቢቀር ሌላ ነገር ተምረሽ ትወጫለሽ፣ የውጭው ዕድልም አይመለስም አላት። የቀረውን ለሷ ተወላት።

ፎርሙን ሰኞ ባዶውን መለሰችው። እኔም አልከለከልኳትም። ለእማማ ብለሽ ነው ወይ ብዬ ግን ደጋግሜ ጠየቅኳት። አይደለም፣ እዚሁ አገር ሰው በሚከራከርበት ቋንቋ መፍረድ ስለምፈልግ ነው አለችኝ። እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ልጅህ ናት፣ የልቧን ሁሉ አትናገርም። እማማም ሰምተው ነበር። አስጠሯትና ጉንጯን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «እኔን ብለሽ እንዳትመለሺ፣ ጨርሰሽ ተመለሺ» አሏት።

ያን ቅዳሜ ጥላሁን ሊሄድ ሲነሳ ደጅ ድረስ ሸኝቼው ነበር። የበደልኩህን ይቅር በለኝ አልኩት። እኔ ነኝ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አብረን አለቀስን። አንተን ካስቀበርን ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ትርንጎ ዛሬ ጠዋት ሄደች። በአውቶቡሱ መስኮት እጇን እያወዛወዘች እስክትርቅ ቆሜ አየኋት። ሕጉ ይድረሳት አይድረሳት የሚታወቀው በዓመቱ ነው። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። የመረጠችው ልክ ይሁን አይሁን እኔ ልፈርድ አልችልም፤ አንተም በጊዜህ ስትመርጥ አታውቅም ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። ሰው ደምሴ ጥሩ ፈራጅ ነበር ሲለኝ እሺ ብዬ ዝም አልልም። የተሻረብህን ፍርድ፣ አምነህ የተቀበልከውን ስህተት፣ ከአርባ ዓመትህ በኋላ ደብተር ይዘህ ተማሪ የሆንክበትንም ጭምር እነግራቸዋለሁ። ትርንጎ ወንበሩ ላይ የምትቀመጥበት ቀን ከመጣ፣ በሕይወት ካለሁ፣ ችሎቱ ኋላ ተቀምጬ የምትጽፈውን ፍርድ አዳምጣለሁ። ካልገባኝ አልገባኝም እላታለሁ።

ያንተው ውብነሽ