የከዲጃ ጣቶች

ጥቅምት 6 ቀን 1972

ብርድ። የጭላሎ ጉም እስከ አራት ሰዓት አልተነሳም። ክትባት ስሰጥ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ከዲጃ የምትባል ገበሬ መጣች፤ ፈረስ ጥሏት ክንዷ ክርኗ አጠገብ ተሰብሯል። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ወልደጻድቅ እስከ አንጓዋ በጀሶ ጠቀለላት። ጀሶው አልጠበቀባትም? እኔ ምን አገባኝ... ሃያ ዓመት የሠራ ድሬሰር ነው።

ጥቅምት 7

ስታቃስት ዋለች። "ሀርካ ኮ፣ ሲስተር... እጄ፣ እጄ!" ጥፍሯን ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ደም አልተመለሰበትም። ጣቶቿን ላቃናቸው ስል ጮኸች። ለወልደጻድቅ ነገርኩት። መጥቶ ጀሶው ጫፍ ላይ አንጓዋን ዳሰሰ።

"የደም ሥሯ ይመታል እኮ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"የሚመታው ትልቁ ነው፣ ጓድ። ትንንሾቹ ቅርንጫፎች ግን..."

"ሲስተር ሸዋዬ፣ ጀሶውን እንዳትነኪ!"

እሺ አልኩ። እሺ!

ትልቁ የደም ሥር ክርን ጋ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጡንቻው ውስጥ ከፀጉር ቀጥኖ ይበተናል። ክንዱ ሲያብጥ፣ ጀሶው አላስፋፋ ሲለው፣ ቀድመው የሚታፈኑት እነዚያ ቀጫጭኖቹ ናቸው። ትልቁ እየመታ ሥጋው ይሞታል። ይህን እያወቅኩ ቤቴ ገባሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 8

ጠዋት ጣቶቿ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው። በመርፌ ነካ ባደርጋት አልተሰማትም። ጀሶውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። ወልደጻድቅ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። "ዞር በል!" አልኩት። አለቃዬን... አንተ ብዬ! ገብስ የጫነ መኪና ለምኜ አሰላ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ላክኋት።

ጥቅምት 15

ሐኪሙ ጻፈልኝ። ክንዷን ከፍቶ አስተንፍሶታል። እጇ ተርፏል። ሁለት ጣቶቿ ግን እንደተጨበጡ ቀሩ፤ ከእንግዲህ አይዘረጉም። "አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን..." ይላል። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ላም የምታልብ ሴት ናት!

ጥቅምት 20

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ። ጥፋቴ "ዲሲፕሊን መጣስ" ተባለ። ወልደጻድቅ ሰብሳቢ!

"ግለ ሂስ አድርጊ።"

ተነሳሁ። "ጥፋቴ ጀሶውን መሰንጠቄ አይደለም። አንተን ፈርቼ እጇን አንድ ሌሊት እንደታፈነ ማሳደሬ ነው።"

ሁሉም ጫማውን ያያል። ከኋላ ጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አልጣሽ ተነሱ። "እኔም ልናገር። ሴትዮዋ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ጓድ ወልደጻድቅም ሰምተዋል።" ቁጭ አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ የእሳቸው ቃል አልሰፈረም። እኔ እዚህ ጻፍኩት።

ኅዳር 12

ጎበሳ ጤና ጣቢያ። አዛውሩኝ ሳልል አዛወሩኝ። ወልደጻድቅ ወንበሩ ላይ አለ። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ዛሬ አንድ አዛውንት እግራቸው በጠበቀ ፋሻ ታስሮ መጡ፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ተወጥሯል። ፈታሁት። አዲሱ ኃላፊ ደረሰ።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም" አልኩና እግራቸውን የማጥብበት ውሃ እንዲያቀብለኝ እጄን ዘረጋሁ።

አቀበለኝ።