ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኮምፒውተሬ

ቅዳሜ፣ ጥር 9፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ ኮምፒውተሬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት! እዚህ ለማስተማር ከሐዋሳ ስመጣ የኮምፒውተሩ ሳጥን መንገድ ላይ ተሰብሮ፣ የውስጥ ዕቃዎቹ እስካሁን ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ዕቃዎቹ የሚቀመጡባቸውን መያዣዎች ራሴ ነድፌ፣ ፕላስቲክ እያቀለጠች ቅርጽ በምትሠራ፣ ራሴ በገጣጠምኳት ስሪዲ ፕሪንተር አተምኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ተሰነጠቁብኝ፤ እነዚህን ግን አወፈርኳቸው።

የፈራሁት ግድግዳውን ነው፣ ጭቃ ስለሆነ። አከራዬ ሐጂ ሰይድ መሰርሰሪያውን ሰምተው ገቡ። ይቆጡኛል ስል ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ምሰሶ አለ፤ እኔው ነኝ ያቆምኩት። እዚህ ብሺው ልጄ።»

መያዣዎቹን የገጠምኩበትን የኮምፔንሳቶ ጣውላ እሳቸው ደግፈው ያዙልኝ፣ እኔ በብሎን አሰርኩት። ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩን፣ ያንን ከባድ ግራፊክስ ካርድ በየመያዣቸው አስገባሁ። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያዎቹ ሁሉ ባንዴ ዞሩ። ጮኽኩ! ሐጂ «ማሻአላህ!» ብለው ባለቤታቸውን ተጣሩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወደ አገርሽ ስትዛወሪ ይኸን እንዴት ልታወርጂው ነው?» አሉኝ።

የዝውውር ማመልከቻ ካስገባሁ ወራት አልፈዋል። ይኸን ስሠራ በሰነበትኩበት ሳምንት ግን አንዴም ትዝ አላለኝም።

«እኔ እንጃ ሐጂ» አልኳቸው፤ «ዝውውሩ ትንሽ ቢቆይ ይሻለኛል።»