የብሩክታዊት ቅዳሜ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጎረቤቱስ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ከደኅናም በላይ ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ሳቄ እየቀደመኝ አስቸገረኝ። ስለዚህ ይህን ጽፌ፣ ወደ አንቺ ለምትመጣው ለጓደኛዬ ለመንበረ ሰጠኋት።

እዚህ ኦክላንድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ብሩክታዊት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለች። ዓይኗ አያይም። እናቷ በሕፃንነቷ አርፋለች፤ አባቷ ተክለጻድቅ በመኪና ዕቃ እያደረሰ፣ ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ያሳድጋታል። ባለፈው መስከረም የሴቶች ማኅበራችን ሊረዳት ተነሣ። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ መቼም በቅን ልብ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷን አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ ፊት አቁመው፣ «እስቲ እጃችሁን ዘርጉላት» አሉ። ተክለጻድቅ ቀስ ብሎ መጣና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄ ግን ለልመና አትቆምም» ብሎ እጇን ይዞ ወጣ።

ለሰፈሩ ትቀርቢያለሽ ተብዬ ይቅርታ ለመጠየቅ እኔ ተላክሁ። በሩን ከፈተልኝ እንጂ ግቢ አላለኝም። «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ይኼኔ ልጅቷ ከውስጥ ጮኸች፦ «ራይድ! አይ ኒድ ኤ ራይድ!» በመኪና የሚያደርሰኝ ነው የምፈልገው ማለቷ ነው። ለካ ሳን ሆዜ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሬይል፣ ያ በጣት የሚነበበው ጽሑፍ፣ በነፃ የሚያስተምሩበት ክላስ አለ፤ የአባቷ የሥራ ሺፍት ደግሞ ቅዳሜ ነው። እሱም አፍሮ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ግቢ አለኝ።

ሴቶቹ በየተራ ሊወስዷት ተስማሙ። እኔ ግን አንዴ ተራዬ ከደረሰ በኋላ ለማንም አልለቀቅሁም። መንገዱን ሙሉ እናወራለን፤ እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ። ለትንሣኤ ራሷ ለምና ያው አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ ፊት ቆመች፤ ዳዊቷን በጣቷ እየዳሰሰች አነበበች። ወይዘሮ ሮማነወርቅ እልልታውን አቀለጡት፤ ቄሱ እንኳ አጨበጨቡ! ተክለጻድቅ አጠገቤ ነበር። እንባውን የሚጠርግበት ቢያጣ የነጠላዬን ጫፍ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ሺፍቱን አስቀይሮ ቅዳሜ አብሮን ይሄዳል። እሱ ካለ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ ትዪኝ ይሆናል። ብሩክታዊትም ይህንኑ ጠየቀችኝ። መንገዱን ስለማውቀው ነው አልኳት። «ዳዲ ኖውስ ዘ ዌይ!» አባዬ መንገዱን ያውቀዋል ብላ ሳቀችብኝ፤ አባቷ ደግሞ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ መንገዱን ብቻ አየ።

እማዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መንበረ ስትመለስ ለብሩክታዊት የአበሻ ቀሚስ ላኪላት። ጥልፉ ወፈር ያለ፣ በእጅ የሚዳሰስ ይሁን ብላለች። የእኔ ልክ ያው የድሮው ነው፤ ከነካባው አሠሪልኝ። ጥልፉም የሦስታችንም፣ የእኔም የእሷም የአባቷም፣ አንድ ዓይነት ይሁን።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለዚያች ቀን ያብቃሽ። ምርቃትሽ አይለየን።

የምትወድሽ ልጅሽ